ሴሉላይት፦ የ10 ጊዜውን ፓኬጅ ከመክፈልሽ በፊት

ጥያቄው፦ «ዶክተር፣ 32 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ 9 ወር ሆነኝ፣ አሁንም አጠባለሁ። መቀመጫዬና የታፋዬ የኋላ ክፍል እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል፤ ሦስት አራት ቦታ ላይ ደግሞ ጠለቅ ያለ ስርጉድ አለ። ደሴ ያለ አንድ የውበት ቤት ‹በማሽን 10 ጊዜ ሠርተን እናጠፋዋለን፣ 15,000 ብር ነው› አሉኝ። ካልሆነም ስብ የሚያቀልጥ መርፌ አለን ብለውኛል። እስካሁን በቡና አተላ እያሸሁ፣ ወይባም እየሞቅሁ ነበር። ታፋዬ ከውስጥ በኩል ስለጠቆረ የማቅያ ቅባት እቀባለሁ። ቆዳዬ ጠይም ነው። የቱ ይሻለኛል?»

እህቴ፣ አጭሩን ላስቀድም። ፓኬጁን አሁን አትክፈይ፤ መርፌውን ጭራሽ አታስቢው። ከሁሉ ቀድሞ መታየት ያለበት ግን በጨረፍታ ያለፍሽው የማቅያ ቅባት ነው፤ እሱ ጋ ቶሎ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ከቆዳሽ ስር ያለውን ነገር እንይ፤ እሱ ካልገባሽ የሚሸጡልሽ ሁሉ እውነት ይመስልሻል።

ሴሉላይት የስብ ብዛት አይደለም። ከቆዳ ስር ስብ አለ፤ ከስቡ ስር ጡንቻውን የሸፈነ ጠንካራ ስስ ሽፋን አለ። ቆዳውን ከዚያ ሽፋን ጋር የሚያያይዙ ጅማት መሰል ክሮች በስቡ መሃል ያልፋሉ። የጥጥ ፍራሽ ሲሰፋ አይተሽ ታውቂያለሽ፤ ሰፊው በረጅሙ መርፌ ከላይ እስከ ታች ወግቶ ክሩን ሲያጠብቀው፣ ክሩ የያዘበት ቦታ ይሰረጉዳል፣ በመሃል የቀረው ጥጥ ወደ ላይ ይነፋል። ያንቺም ታፋ ላይ ያለው ይኸው ነው። ሴቶች ላይ ክሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብለው ቆመው ነው የሚገኙት፤ ወንዶች ላይ ደግሞ እንደ መረብ ተሰባጥረው ስለሚሄዱ ስቡ ወደ ላይ መውጫ አያገኝም። ወፍራም ወንድ ላይ የማይታየው ቀጭን ሴት ላይ የሚታየው ለዚህ ነው። ለአቅመ ሔዋን ከደረሱ ሴቶች ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት በተወሰነ ደረጃ አለባቸው። በሽታ አይደለም። «የተጠራቀመ መርዝ» የሚባለውም ወሬ ነው፤ በላብ የሚወጣ ነገር የለውም።

ስለዚህ ማንኛውም ሕክምና ሲነገርሽ ሦስት ነገር ጠይቂ። ክሩን ይበጥሳል? ከላይ ያለውን ቆዳ ያጠነክራል? ወይስ ቆዳውን ለጥቂት ሰዓት አሳብጦ ስርጉዱን ይሸፍነዋል? ገበያ ላይ ካለው አብዛኛው ሦስተኛው ነው፤ ማታ ሠርተውሽ ጠዋት መስታወት ፊት ደስ ብሎሽ፣ በሳምንቱ ወደነበርሽበት የምትመለሽበት።

ቀጥሎ የራስሽን ደረጃ ለዪ። ማታ ላይ ከጣሪያ የሚበራ አንድ አምፖል ብቻ ይኑር። ስልክሽን በመቀመጫሽ ከፍታ ልክ አንድ ነገር ላይ አስደግፊው፣ አንድ ሜትር ተኩል ራቂ፣ ፍላሹን አጥፊ፣ በሰዓት ቆጣሪ አንሺ። አንድ ፎቶ ጡንቻሽን አላልተሽ፣ አንድ መቀመጫሽን ጨብጠሽ፣ አንድ ደግሞ በሆድሽ ተኝተሽ። ፍላሹን አጥፊ ያልኩሽ በከንቱ አይደለም፤ ከላይ የሚወርድ ብርሃን በየስርጉዱ ጥላ ይጥላል፣ ፊት ለፊት የሚበራ ፍላሽ ደግሞ ጥላውን ያጠፋዋል። «በፊት» እና «በኋላ» ከሚባሉት የማስታወቂያ ፎቶዎች ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ይህንኑ ብልሃት ናቸው፤ የተለወጠው መብራቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውና ዛሬም የምንጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ቆዳውን ስትቆነጥጪው ብቻ የሚታይ ከሆነ አንደኛ ደረጃ፣ ስትቆሚ ታይቶ ስትተኚ የሚጠፋ ከሆነ ሁለተኛ፣ ቆመሽም ተኝተሽም የሚታይ ከሆነ ሦስተኛ። ከዚያ ቆመሽ መዳፍሽን ከስርጉዱ በላይ አድርጊና ቆዳውን በቀስታ ወደ ወገብሽ ሳቢው። ሞገዱ ከተስተካከለ ችግሩ በዋናነት የቆዳ መላላት ነው። እየሳብሽውም ስርጉዱ እንደ ቁልፍ ተጣብቆ ከቀረ ግን የያዘው ክር አለ። ይህች የአንድ ደቂቃ ሙከራ ከማሽኑ ስም የበለጠ ትነግርሻለች፤ የላላ ቆዳና የተያዘ ስርጉድ መድኃኒታቸው አንድ አይደለምና። አንቺ ስትገልጪው ሁለቱም ያሉብሽ ይመስላል።

አሁን ወደ ማቅያው። በየሱቁ ለማቅያ ከሚሸጡት ቱቦዎች ውስጥ ብዙዎቹ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የተባለ ጠንካራ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ሃይድሮኪኖን ያለባቸውም አሉ፣ ዝርዝር ከማይጻፍባቸው መካከል ሜርኩሪ የተገኘባቸውም አሉ። ስቴሮይድ ታፋ ከታፋ በሚተሻሽበት እጥፋት ውስጥ ሲቀባ ከሌላው ቦታ ይልቅ ጠልቆ ይገባል። ሳምንታትና ወራት ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ የማይለቅ ሸንተረርም ያወጣል። ያቺን ፍራሽ አስታውሺ፤ ክሩ ያው፣ ጥጡም ያው ሆኖ ጨርቁ ከአቡጀዲ ወደ ሻሽ ሲቀየር እያንዳንዱ ጉብታ ፈጦ ይወጣል። ሴሉላይቱን ለመቀነስ እየደከምሽ በሌላ እጅሽ እያጎላሽው ሊሆን ይችላል።

ቱቦውን አገላብጠሽ ዝርዝሩን አንብቢ። ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ካለው፣ ይህ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝም ቢሆን በተከታታይ ከ2 ሳምንት፣ በሳምንትም ከ50 ግራም እንዳያልፍ የተባለለት ነው። ለወራት፣ በሰፊ ቦታ ላይ ስትቀቢ ከቆየሽ በራስሽ ድንገት አታቋርጪው፤ መቅላትና ማሳከኩ ሊያገረሽ ይችላል፣ የቆዳ ሐኪም አይቶ ቀስ በቀስ ይቀንስልሽ። ምንም ዝርዝር የሌለው ከሆነ ግን መቀባቱን ዛሬውኑ ተዪ፤ ሜርኩሪ ወደ ጡት ወተት ያልፋል፣ ከቆዳሽም በመነካካት ወደ ሕፃኑ ይደርሳል።

ጥቁረቱ ራሱ ከመተሻሸትና ከላብ ከመጣ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ እንደ ደሴ ብርድ አይደለምና፣ እስከ ታፋ አጋማሽ የሚደርስ የጥጥ ቁምጣ ከቀሚስ ስር መልበስና መተሻሻውን ቫዝሊን መቀባት ከማቅያው ይሻላል። ጠርዙ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ እየሰፋ የሚያሳክክ ክብ ከሆነ ጭርት ነው፤ ስቴሮይድ ለጭርት ምግቡ ነው። አንገትሽና ብብትሽም አብሮ እንደ ከፋይ ወፍሮ ከጠቆረ ስኳር ተመርመሪ።

አሁን ፓኬጁ። «ማሽን» ሲሉሽ ስሙን አልነገሩሽም። እጀታዎቹ ምን ምን እንደሆኑ ጠይቂ። በውበት ቤቶች የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳጥን ላይ ሦስት አራት እጀታ የተንጠለጠለባቸው ናቸው፦ 40ኬ ወይም 80ኬ የሚል የተጻፈበት ካቪቴሽን፣ ቫኪዩም፣ ሬድዮ ፍሪኩዌንሲ፣ አንዳንዴም ቀይ መብራት።

ካቪቴሽኑ በድምፅ ሞገድ የስብ ሕዋስን ለማወክ የተሠራ ነው። ቢሳካለት በልብስ ሰፊ ሜትር የሚለካ ትንሽ ቅናሽ ያመጣል እንጂ ክሩን አይነካውም። ከፍራሹ ጥጥ መቀነስ ስርጉዱን አያስለቅቀውም። ቫኪዩሙ ቆዳውን ስቦ በማንከባለል ፈሳሽ ያንቀሳቅሳል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለወራት ሲሠራ ለስላሳነት ይሰጣል፣ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ጉልበቱን ከፍ ካደረጉት ደግሞ ይበልዛል፤ ጠይም ቆዳ ላይ የበለዘ ነገር ጥቁር ምልክት ትቶ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ቀዩን መብራት እለፊው።

ከሳጥኑ ውስጥ ትርጉም ያለው ሬድዮ ፍሪኩዌንሲው ነው። የውስጥ ቆዳውን አሙቆ ኮላጅን (ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን) እንዲኮማተር፣ በቀጣዮቹ 2 እና 3 ወራትም አዲስ እንዲሠራ ይገፋፋል፤ ማለትም ጨርቁን ያጠነክራል። በቆዳ ቀለም ላይ ስለማይመረኮዝ ለጠይም ቆዳ ከብዙዎቹ ሌዘሮች ይልቅ ይመቻል። ግን ሁኔታ አለው፤ የቆዳው ላይኛ ገጽ 40 እስከ 42 ዲግሪ ደርሶ እዚያው ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ በትክክል ማሙቅ የሚቻለው የሁለት መዳፍ ስፋት የሚያህል ቦታ ነው። ሁለቱ መቀመጫና የሁለቱ ታፋ ጀርባ ቢያንስ አራት ቦታ ሆኑ፤ እስኪሞቅ የሚወስደውን ጨምሪበትና ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይሆናል። «ሁሉንም በ20 ደቂቃ እንጨርሳለን» ካሉሽ ሙቀቱ አልደረሰም፤ የተሸጠልሽ ሞቅ ያለ ማሳጅ ነው። ሠሪዋ በሌላ እጇ የሙቀት መለኪያ ይዛ በየደቂቃው ካላየችም የምትሠራው በግምት ነው።

መሃል ላይ መብራት ቢጠፋም እንዲሁ ነው። ጄኔሬተር እስኪነሳ አምስት ደቂቃ ካለፈ ቆዳው በርዷል፣ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። «የቀረችሽ 3 ደቂቃ ነበረች» ሲሉሽ እሺ አትበዪ።

ቃጠሎ የሚመጣው እጀታው አንድ ቦታ ሲቆም፣ ጄሉ ሲደርቅ፣ ወይም እጀታው ተጋድሞ በጠርዙ ብቻ ሲነካ ነው። ከአስር ስድስት ሰባት የሚሆን ሙቀት ደህና ነው፤ ሹል የሆነ፣ እንደ መርፌ የሚወጋ ስሜት ከተሰማሽ «አቁሚ» በይ። ለዚህ ነው ማስታገሻ ውጠሽ መሄድ የሌለብሽ፤ ሕመሙ ነው ጠባቂሽ። የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ዳሌና ታፋ ውስጥ ብረት ያለው ሰው አይሠራም፤ ነፍሰ ጡርም አትሠራም። ሉፕ ካለሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። በስቴሮይድ የሳሳ ቆዳ ላይም አይሠራም፤ ቅባቱን አስቀድሚ ያልኩሽ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እጀታው ትክክለኛ ሬድዮ ፍሪኩዌንሲ ሆኖ ካገኘሽው እንኳ የ10 ጊዜ በአንዴ አትክፈይ። መጀመሪያ ማቅያው ባልነካው፣ በማይታይ ቦታ ላይ ትንሽ ይሞክሩልሽና 3 ሳምንት ጠብቂ፤ ካልጠቆረ የ4 ጊዜ ብቻ ክፈይ፣ በሳምንት አንድ። ከመጨረሻው 2 ወር በኋላ በዚያው አምፖል ስር ያንኑ ፎቶ አንሺ። የጠበቅነው የላላው ሞገድ መለስተኛ መሻሻል ነው። የተያዙት ሦስት አራት ስርጉዶች ግን ባሉበት ይቆያሉ፤ እነሱን በሙቀት «እናጠፋለን» የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል።

ሌላ መሣሪያ ደግሞ አለ፤ ለተረከዝ ሕመም በፊዚዮቴራፒ ክፍሎች የሚያገለግለው የሾክዌቭ ማሽን። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ከ6 እስከ 8 ጊዜ ሲሠራ የቆዳውን ገጽታ በመጠኑ እንደሚያሻሽል ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ወይም የደም መርጋት ለገጠመው ሰው አይሆንም።

«ስብ የሚያቀልጥ መርፌ» ያሉሽ ብዙ ጊዜ ፎስፋቲዲልኮሊንና ዲኦክሲኮሊክ አሲድ ነው። ዲኦክሲኮሊክ አሲድ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የተፈቀደው ለአገጭ ስር ስብ ብቻ ነው። ታፋ ላይ ሲበተን ለሳምንታት የሚቆይ እብጠት፣ የጠጠረ እባጭ፣ ሲከፋም የቆዳ መሞት ያመጣል። ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ዘመድ የሆኑ ባክቴሪያዎች ይገባሉ፤ ከሳምንታት በኋላ የሚያፈስ እባጭ ይወጣና ተራው አንቲባዮቲክ አይመልሰውም፣ ሕክምናው ወራት ይፈጃል። ይህን ሁሉ ከፍለሽም የሚነካው ጥጡን ነው። መርፌ የጤና ተቋምና የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። እያጠባሽ ደግሞ ይህ መርፌ ለክርክርም አይቀርብም።

ክሩን በመርፌ ለማቅለጥ በትክክል የተሞከረ መድኃኒት ነበር። ኮላጅኔዝ የሚባል፣ ክሮቹን የሚያላላ ኢንዛይም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ለመቀመጫ ሴሉላይት ተፈቀደ፣ በየ21 ቀኑ ሦስት ጊዜ የሚወጋ። ብዙ ሴቶች ላይ የበለዘው ደም ስፋትና ከዚያ በኋላ የሚቀረው የቆዳ ቀለም ለውጥ ስላስቸገረ አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከገበያ እንደሚያወጣው አስታወቀ። ዛሬ «አለን» የሚልሽ ካለ ጊዜው ያለፈበት ወይም ሌላ ነገር ነው።

ለተያዙት ስርጉዶች የሚሠራው ክሩን መቁረጥ ነው፤ ሰብሲዥን ይባላል። ሰፊ ስፌት የሌለው ትንሽ ቀዶ ሕክምና ስለሆነ የሚሠራው የቆዳ ወይም የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው። አካሄዱን ዘርዘር ላድርግልሽ፤ ሲዘሉት የምታውቂው ቅደም ተከተሉን ካወቅሽ ነው።

ምልክት የሚደረገው ቆመሽ ነው። ስትተኚ ሁለተኛ ደረጃው ይጠፋል፤ ተኝተሽ ምልክት የሚያደርግ ሐኪም የትኛውን እንደሚቆርጥ አያውቅም። ከላይ በሚመጣ ብርሃን እያንዳንዱ ስርጉድ ተከቦ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በሆድሽ ትተኛለሽ፣ ቦታው በጀርም መግደያ ይጸዳል፣ ሊዶካይን ከአድሬናሊን ጋር ይወጋል። ከወጉ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል መጠበቅ አለ። ማደንዘዣው ራሱ ቶሎ ይይዛል፤ አድሬናሊኑ ግን የደም ሥሮቹን አጥብቦ ቆዳው እስኪነጣ ጊዜ ይፈልጋል። ይህችን 15 ደቂቃ ያልታገሠ ሐኪም ሥራውን በደም መሃል ይሠራል፤ የበዛው ደም ኋላ በቆዳሽ ስር ቡናማ ሆኖ የሚቀረው ነው።

ቀጥሎ ጫፉ እንደ ትንሽ ቢላ የተሳለ፣ 18 ጌጅ የሆነ መርፌ ከስርጉዱ ጠርዝ ይገባል። እንደ ዘዴው ከቆዳው ስር ከግማሽ ሳንቲ ሜትር እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት፣ ስለቱ ከቆዳው ጋር ትይዩ ሆኖ፣ እንደ ማራገቢያ ወዲህ ወዲያ ይሄዳል። ክሩ ሲቆረጥ የክር መበጠስ የመሰለ ድምፅ ይሰማል፤ አትደንግጪ። ሐኪሙ ቆዳውን ቆንጥጦ ወደ ላይ ይስባል፤ አሁንም ወደ ታች የሚጎትት ነገር ካለ ይመለሳል፣ ከሌለ ያቆማል። ማቆሙም ችሎታ ነው። ያልተያዘውን ሁሉ ከቆረጠ ስቡ ድጋፍ አጥቶ ይወጣል፣ ስርጉድ በነበረበት ቦታ ጉብታ ይተካል፤ ጉብታውን መመለስ ስርጉዱን ከማስለቀቅ ይከብዳል። ሲጨርስ ቦታው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አጥብቆ ይጫናል። የሚያጠብቅ ቁምጣ ለሳምንታት ትለብሻለሽ፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት የተለመደው ነው።

የሚጠበቅ ነገር፦ መበለዙ ሁሉም ላይ አለ፤ አብዛኛው በሳምንታት ይጠፋል፣ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ቡናማው ቀለም ወራት ሊቆይ ይችላል። ትንንሽ የሚዳሰስ ጠጠር ነገር ለወራት ይኖራል። ኬሎይድ (ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ) የሚወጣብሽ ከሆነ፣ የጆሮ መበሳትሽን ወይም የክትባት ጠባሳሽን አሳዪና አስቀድመሽ ተናገሪ። ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ቢሆኑም ኬሎይድ መጠን አይመርጥም። ስርጉዱ ያለቀቀ ከመሰለ ድጋሚ ለማሠራት ቢያንስ 3 ወር ጠብቂ። ይህንኑ ሥራ በቫኪዩም ቆዳውን ይዞ ጥልቀቱን በ6 ወይም በ10 ሚሊ ሜትር የሚወስን ሴልፊና የተባለ መሣሪያም ተሠርቷል፤ ውጤቱ እስከ 3 ዓመት ሲከታተሉት የቆየ ነው። መሣሪያው ባይኖርም በመርፌው በደንብ የሠለጠነ እጅ ይበቃል።

ላንቺ በተለይ የምነግርሽ ብረት ነው። ከወሊድ በኋላ የብረት እንክብል እየወሰድሽ ሊሆን ይችላል። ሰብሲዥን የሚሠሩ ባለሙያዎች የቡናማውን ቀለም መቅረት ለመቀነስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ የብረት እንክብል እንዲቆም ይመክራሉ። ይህ ማለት ግን ደምሽ አንሶ የታዘዘልሽን እንክብል ለታፋ ብለሽ አቁሚ ማለት አይደለም፤ ሰብሲዥኑን አራዝሚው ማለት ነው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም ያዘዘልሽን ሐኪም ጠይቀሽ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀድመሽ ትተያለሽ። ለሥራው አዲስ አበባ የምትሄጂ ከሆነ በማግስቱ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በመቀመጫሽ ተቀምጠሽ አትመለሺ፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን እረፊ፣ ከዚያም በየሁለት ሰዓቱ ወርደሽ ተራመጂ።

ሊፖሳክሽን፣ ማለትም ስብን በቱቦ መምጠጥ፣ ለሴሉላይት አይሆንም። ጥጡን ከፍራሹ አውጥቶ ክሩን እንዳለ ሲተወው ወለሉ የባሰ ወጣ ገባ ይሆናል። ክብደት መቀነስም ሁለት ፊት አለው፤ ከፍ ያለ ክብደት ላለው ሰው ይረዳል፣ በፍጥነት ሲቀነስ ግን ቆዳው ይላላና ሞገዱ ይጎላል።

የቡና አተላውን በተመለከተ፦ ካፌይን በተቀመመ ቅባት ውስጥ ሲሆን ለጊዜው ቆዳውን ያጠብቃል፤ ከአተላ ግን በቂው ወደ ውስጥ አይገባም። ለስላሳ ያደረገሽ ማሸቱ ነው። ጠንክረሽ ካሸሽው ደግሞ ጠይም ቆዳ ይጠቁራል፣ ከዚያ ማቅያ ፍለጋ ትሄጃለሽ፤ አዙሪቱ እዚህ ነው የሚጀምረው። ወይባው ደስ ካለሽ ሙቂ፤ ሙቀቱ ቆዳውን ለጥቂት ሰዓት ሞላ ያደርገዋል፣ ሌላ ነገር አይጨምርም። ክፍሉ ግን ታፍኖ አይዘጋ፣ በስቴሮይድ የሳሳ ታፋ ቶሎ ይቃጠላልና ከጉድጓዱ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ እያጠባሽ ስለሆነ በፊትም በኋላም ውኃ ጠጪ።

ከቅባት ሁሉ ጥቂት ማስረጃ ያለው ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት) ነው፤ 0.3 በመቶው፣ ለ6 ወር ያህል ሳይቋረጥ ተቀብቶ፣ የውስጥ ቆዳውን በመጠኑ በማወፈር። እያጠባሽ አትጀምሪው፣ እንደገና ካረገዝሽም አይሆንም። ስትጀምሪም ሒሳቡን ቀድመሽ ሥሪ። ከቱቦው በአመልካች ጣት የመጨረሻ አንጓ ላይ የሚወጣው መስመር ግማሽ ግራም ነው፣ ሁለት መዳፍ ስፋት ይሸፍናል። መቀመጫና የታፋ ጀርባ በሁለቱም በኩል ወደ 6 መስመር ይፈልጋል፤ በየማታው 3 ግራም። 30 ግራም ቱቦ በ10 ቀን አለቀ። ለ6 ወር 18 ቱቦ። የፊት ቅባት ዋጋ አድርገሽ አስበሽው ከሆነ እዚህ ላይ ትነቂያለሽ። ማንም በአንዲት ቱቦ ለውጥ ያላየው ለዚህም ጭምር ነው። የምትገዢ ከሆነ ለፊት ሳይሆን ለሰውነት የተዘጋጀ፣ 200 ግራም ገደማ የሚይዝ ፈልጊ። በየሦስት ማታ ጀምረሽ ቆዳሽ ሲለምድ አጠጊ፤ ከተላጨሽ በዚያው ማታ አትቀቢው።

ጡት እስክታስጥዪ የምመክርሽ ጡንቻው ላይ እንድትሠሪ ነው። ከስር ያለው ጡንቻ ሲሞላ ቆዳው ትንሽ ይወጠራል፤ ስርጉድ ባያጠፋም ገንዘብ አይጠይቅም። በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ 5 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ዳሌሽ ላይ አስቀምጠሽ መቀመጫሽን ከመሬት አንሺ፤ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ሲቀልሽ 10 ሊትር አድርጊው። ልጁ ጀሪካኑን ለመያዝ ይመጣልና በሩን ዝጊ።

ማሽንም ቅባትም ሳታስቢ ሐኪም ጋ የምትሄጂባቸው ምልክቶች አሉ። አንዱ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመመና ከሞቀ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል። ሁለቱም ታፋና ባት በእኩል ወፍረው፣ ሲነኩ እያመሙ፣ በትንሽ ግጭት እየበለዙ፣ የእግር መዳፍ ግን ቀጭን ሆኖ ከቀረ ሊፒዲማ የሚባል ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። የእግር መዳፍና ጣቶች ጭምር ያበጡ ከሆነ የሊምፍ እብጠት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ላይ ቫኪዩምና ሙቀት ሊያባብስ ይችላል። ለዚህና ለማቅያው ቅባት ጉዳይ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግሽም፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከሥጋ ደዌ ሕክምናው ጀምሮ በቆዳ ሕክምና የቆየ ቤት ነው። ቱቦውን ይዘሽ ሂጂ፤ «ነጩ ክዳኑ ቀይ የሆነው» ማለት ለሐኪም አይበቃም።

ጡት ካስጣልሽ 3 ወር ሲሞላ፣ ሰውነትሽም ሲረጋጋ፣ ሦስቱን ፎቶ ድገሚ። ያኔ ስርጉዶቹን በመሳብ ሙከራው ቁጠሪያቸው። አምስት ስድስት የሚሆኑ ተለይተው የተያዙ ብቻ ከሆኑ ሰብሲዥን ለሚሠራ ሐኪም ፎቶውን ይዘሽ ቅረቢና «በዓመት ስንት ትሠራለህ፣ ጠይም ቆዳ ላይ ከሠራኸው የ6 ወር ፎቶ አሳየኝ» በይው። ስትቆጥሪ የሚያልቅ ካልሆነ፣ ሞገድ ብቻ ከሆነ፣ የሬቲኖሉን ሒሳብና የ4 ጊዜውን ሬድዮ ፍሪኩዌንሲ አወዳድሪ፤ ከሁለቱ ላንቺ ኪስ የሚስማማውን አንዱን ጀምሪ፣ ሁለቱን በአንድ ሳምንት አትጀምሪ፤ ቢያቃጥልሽ የትኛው እንደሆነ አታውቂምና።